የጅራታሞቹ ወገን

ወንድሜ የወደቀው ከሃያ ስድስት ሜትር ከፍታ ነው። ቁጥሩን የነገረኝ እሱ አይደለም፤ እሱ ሲያወራው አንዴ ሠላሳ፣ አንዴ አርባ ነበር የሚለው። ልኩን ያወቅሁት ከሃያ አንድ ዓመት በኋላ፣ የክፍላችን ኃላፊ የነበሩት የተክል ተመራማሪ ዶክተር በገዛ እጃቸው ከጻፉት ትንሽ ወረቀት ላይ ነው።

ሥራዬ ተክል መለጠፍ ነው። ሰው ሲጠይቀኝ እንዲህ ስለው ይስቃል። ከጫካ የመጣ ተክል በጋዜጣ ተጠቅልሎ በእንጨት መጭመቂያ ውስጥ ይደርቃል። የደረቀውን እኔ በወፍራም ነጭ ወረቀት ላይ አስተካክዬ በሙጫ እይዘዋለሁ፤ ጠንካራውን ግንድ በክር እሰፋዋለሁ፤ ከታች በቀኝ በኩል መለያውን እለጥፋለሁ። መለያው ላይ ስሙ፣ የተገኘበት ቦታ፣ ቀኑና የሰበሰበው ሰው ይጻፋል። ከዚያ በየወገኑ ተከፋፍሎ ብረት ቁም ሣጥን ውስጥ ይገባል። በወጉ ከተያዘ ሁለት መቶ ዓመት ይቆያል። ክፍላችን ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ብል እንዳይገባ መስኮቱ አይከፈትም፤ ቀኑን ሙሉ ናፍታሊን ይሸታል። እኔም ቤቴ ስገባ ሽታው አብሮኝ ይገባል። ወንድሜ "ሣጥን ውስጥ የከረመች" ይለኝ ነበር።

እዚያ ያስቀጠረኝም እሱ ነው። እሱ የክፍሉ ዛፍ ወጪ ነበር። ዶክተሩ የሚያጠኗቸው ተክሎች ረጃጅም ዛፎች አናት ላይ ስለሚኖሩ በገመድና በቀበቶ ተንጠልጥሎ የሚያወርድላቸው ሰው ያስፈልጋቸው ነበር። መሥሪያ ቤቱ ሁሉ "ጦጣው" ይለዋል። እሱ አይቀየምም። "ጦጣ እንኳ ስትወጣ ለራሷ ነው፤ እኔ የምወጣው ለዶክተር ነው" ይል ነበር።

ዶክተሩ ዕድሜያቸውን የሰጡት ለአንድ የፈርን ወገን ነው። እነዚህ ፈርኖች አፈር አይነኩም። ሙቀትና እርጥበት ባለበት ጫካ፣ ትልልቅ ቅርንጫፎች ላይ ተጣብቀው ይኖራሉ። በገባሁበት ሳምንት "ጥገኞች" ብዬ ስጠራቸው ዶክተሩ ሰምተው አረሙኝ።

"ጥገኛ አይደሉም፤ መዥገር ነው ጥገኛ። እነዚህ ከዛፉ አንዲት ነገር አይወስዱም። ውሃቸው ከዝናብ፣ ምግባቸው ከረገፈ ቅጠልና ከአቧራ ነው። ዛፉ የሚሰጣቸው መቆሚያ ብቻ ነው። ተከራይ በያቸው፤ ያውም ግድግዳ የማያቆሽሽ ተከራይ።"

ፈርን አበባም ፍሬም የለውም። የሚራባው ስፖር በሚባል ቡናማ ዱቄት ነው። ዱቄቱ በቅጠሉ ጀርባ፣ ከመሐለኛው ጅማት ግራና ቀኝ፣ እንደ ቁልፍ በተደረደሩ ክብ ነጠብጣቦች ላይ ይቋጠራል። የዶክተሩ ፈርኖች ግን ከዚህ ይለያሉ። ቅጠላቸው ወደ ጫፉ ሲደርስ በድንገት ይቀጥንና እንደ አይጥ ጅራት ይረዝማል፤ ዱቄቱ ያለው ጅራቱ ላይ ብቻ ነው፤ የቀረው ቅጠል ንጹሕ ነው። ስለዚህ ክፍላችን ውስጥ ጅራታሞቹ እንላቸዋለን። የዶክተሩ መጽሐፍ ሙሉ በሙሉ በዚህ የቆመ ነበር፤ ጅራት ያለው ሁሉ አንድ ወገን፣ ነጠብጣብ ያለው ሁሉ ሌላ ወገን። "ጅራትና ነጠብጣብ በአንድ ግንድ ላይ አይበቅሉም" የሚለውን ዓረፍተ ነገራቸውን ተማሪዎች በቃላቸው ይወጡት ነበር።

ወንድሜ በወደቀበት ዓመት መጽሐፉ አልቆ ማተሚያ ቤት ገብቷል። ወንድሜ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነበር፤ ካገባ ሁለት ዓመቱ። እኔ ሃያ አምስት ነበርኩ። ዶክተሩ ለመጨረሻ ጊዜ ጥቂት ፎቶግራፍ ላንሳ ብለው ወጡ። ሦስት ነበሩ፦ ዶክተሩ፣ ወንድሜና ሾፌሩ። ሾፌሩ እንደልማዱ ራቅ ብሎ ጥላ ሥር ተኝቷል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ወንድሜ ሆስፒታል ተኝቶ ነው የነገረኝ።

"ቅርንጫፉ ላይ ተቀምጬ አንድ ጅራታም አየሁ። ግንዱን ታውቂዋለሽ፣ እንደ እርሳስ የቀጠነ፣ በቅርፊቱ ላይ የሚሳብ። ጫፉን ልፈልግ ብዬ በዓይኔ ተከተልኩት። አንድ ክንድ ያህል አልፎ ያሉት ቅጠሎች ጅራት የላቸውም። ገለበጥኳቸው፤ ነጠብጣብ። ሁለት ተክል ተጠላልፎ ነው ብዬ ላዩን የሸፈነውን እርጥብ ነገር በጣቴ ፈቀፈቅሁት። አንድ ነው። መጋጠሚያ የለው፣ መቀጠያ የለው፣ አንድ ግንድ። ወደ ታች ጮህኩና 'ዶክተር፣ ሁለት ዓይነት ቅጠል ያበቀለ አለ' አልኳቸው። 'እንዳትቆርጠው፣ ከነግንዱ አምጣው' አሉኝ።"

ከነግንዱ ለማምጣት ግን እጁ አልደረሰም። ሁለተኛውን ገመድ ፈታና ወደ ፊት ተንፏቀቀ። ግንዱን ነቅሎ፣ ወገቡ ላይ የታሰረው ከረጢት ውስጥ ከትቶ፣ ሊመለስ ሲል ቅርንጫፉ ተገነጠለ። በሕይወት የተረፈው ሌሎች ቅርንጫፎች እየተቀባበሉ ስላወረዱት ነው። ዶክተሩና ሾፌሩ ከገመድ በሠሩት ቃሬዛ ተሸክመው ሦስት ሰዓት ተጉዘው መንገድ አወጡት። ዶክተሩ መንገዱን ሙሉ ሲያለቅሱ ነበር። ይህን ሾፌሩም መስክሯል፤ እኔም አልክደውም።

ከወገቡ በታች አልተነሳም።

በአራተኛው ቀን ዶክተሩ ሆስፒታል መጡ። እኔ የውሃ ጠርሙስ ይዤ እግርጌው ቆሜያለሁ። ወንድሜ በመጀመሪያ የጠየቃቸው ስለ እግሩ አልነበረም።

"ተክሉስ ዶክተር?"

"ተራ ነው" አሉት። "ሁለት ተክል ተጠላልፎ ነው ያየኸው። ያውም እርጥብ ከረጢት ውስጥ በስብሶ ጣልኩት።"

"ግንዱ አንድ ነበር እኮ። በእጄ ነው የነካሁት።"

"ወድቀሃል ልጄ። ጭንቅላትህም ተመትቷል። አሁን ዕረፍ።"

ከወር በኋላ የምርመራ ኮሚቴው ወረቀት ወጣ። "ሠራተኛው ደንብ ጥሶ፣ ምንም ሳይንሳዊ ጥቅም ለሌለው ተራ ተክል ሲል የደኅንነት ገመዱን በራሱ ፈቃድ ፈትቷል" ይላል። ከፈረሙት አንዱ ዶክተሩ ናቸው። ስለዚህ ጥፋቱ የወንድሜ ሆነ። መሥሪያ ቤቱ ተሽከርካሪ ወንበር ሰጠው፤ እሱንም እንደ ውለታ ቆጠሩበት። ወንድሜ ሬዲዮ መጠገን ተማረና በሳሎኑ መስኮት ስር ጠረጴዛ አስገባ። ጦጣው መባሉም ያን ጊዜ ቀረ፤ ማንም ደፍሮ አይጠራውም።

እኔን ደግሞ ዶክተሩ ከማድረቂያ ክፍል አውጥተው ወደ መለጠፊያው ጠረጴዛ አዛወሩኝ። አጉሊ መነጽር ገዝተው ሰጡኝ። ቅጠልን ከቅጠል፣ የግንዱን ቅርፊት ከቅርፊት መለየት አስተማሩኝ። "ሙጫ" ይሉኝ ነበር፣ በሥራዬ። "ሙጫ፣ የአንቺ ዓይን ከተማሪዎቼ ይሻላል" ሲሉኝ ሳምንቱን ሙሉ ደስ ብሎኝ እሰነብታለሁ። ደግነት መሰለኝ። ለወንድሜ ያዘኑትን በእኔ የሚክሱ መሰለኝ።

ወንድሜ ለመጣው እንግዳ ሁሉ ያንን ተክል ያወራ ነበር። ባለ ሬዲዮው ሬዲዮውን ሊወስድ መጥቶ ሁለት ዓይነት ቅጠል በአንድ ግንድ ሰምቶ ይሄዳል። ሰው ፊት ለፊቱ ያዝናል፤ ደጅ ሲወጣ ይጠቃቀሳል። በሦስተኛው ዓመት ግድም፣ አንድ እሑድ፣ የሚስቱ ዘመዶች ቤቱን ሞልተውት ሳለ ጀመረ። ሰዎቹ እርስ በርስ ሲተያዩ አየሁና አፈርኩ። በእሱ ነው ያፈርኩት።

"ወንድም ጋሼ፣ ዶክተሩ አይተው ተራ ነው ብለዋል። አሁን እባክህ ተወው" አልኩ፣ በሰው ፊት።

ወንድሜ ብርጭቆውን አስቀመጠና "እሺ" አለ። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ተክሉ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ዐሥራ ስምንት ዓመት።

ዶክተሩ ባለፈው ዓመት ጡረታ ወጡ። ንግግር ተደረገ፣ የመጽሐፋቸው ሽፋን ትልቅ ሆኖ ተሠርቶ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። በቦታቸው አንዲት ወጣት ምሁር ተሾመች። ትሑት ነች፤ አለቃዬ ሆና ሳለ "እትዬ" ነው የምትለኝ። የዶክተሩን ቢሮ እንዳጸዳና የሚጠቅመውን ከማይጠቅመው እንድለይ አዘዘችኝ።

ቢሮው ውስጥ ያለው ቁም ሣጥን የጅራታሞቹ ነበር። ወረቀቶቹን እያወጣሁ የታችኛው መደርደሪያ ላይ ስደርስ ብረቱ ያለቦታው ከፍ ብሎ አየሁት። አነሳሁት። ከሥሩ በሁለት ካርቶን መሐል የታሰረ ጋዜጣ አለ። ጋዜጣውን ከመግለጤ በፊት ቀኑን አነበብኩ። ወንድሜ በወደቀ በሁለተኛው ቀን የወጣ ነበር።

የሃያ ዓመት ሥራ ነው፤ እጄ የደረቀ ተክል ሲያይ ከእኔ አስቀድሞ ይረጋጋል። ገለጥኩት። ክንድ ተስንዝር የሚሆን ግንድ፣ በግራ ጫፉ አራት ባለ ጅራት ቅጠል፣ በቀኝ ጫፉ ሦስት ጅራት የሌላቸው። አንዱ ተገልብጦ ደርቋል፤ ነጠብጣቦቹ በሁለት ረድፍ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። መነጽሬን አውጥቼ ግንዱን ከዳር እስከ ዳር ተከተልኩት። ተመልሼ ደግሞ ተከተልኩት። አንድ ነው። ከቅርፊቱ እስከ ጥቃቅኑ ፀጉር አንድ ነው።

መለያው በዶክተሩ እጅ ተጽፏል። ቦታው፣ ቀኑ፣ ከፍታው ሃያ ስድስት ሜትር። ሰብሳቢ በሚለው ፊት የወንድሜ ስም ከነአባታችን፣ ከነአያታችን። ከሥሩ በእርሳስ፦ "ጅራትና ነጠብጣብ በአንድ ግንድ። ስፖራቸውም አንድ።" ከዚያ በታች፣ በተለያየ ቀለም፣ አራት ቦታ፣ አራት የተለያየ ዓመተ ምሕረት ይዞ፣ "እንደገና ታየ። ለውጥ የለም" ይላል። ካርቶኑ ውስጥ የተደረገው ናፍታሊን ከእኛ ክፍል ናፍታሊን ይልቅ አዲስ ነበር።

በማግስቱ ከሥራ ስወጣ ቤታቸው ሄድኩ። በሩን ራሳቸው ከፈቱ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ሰውን በድምፁ ነው የሚለዩት።

"እኔ ነኝ ዶክተር።"

"ሙጫ። ግቢ ልጄ።"

ሳልቀመጥ "ከታችኛው መደርደሪያ ሥር ያለውን አገኘሁት" አልኳቸው።

ወንበራቸውን በእጃቸው ዳብሰው ተቀመጡ። "ደኅና ነው? ብል አልነካውም?"

መጀመሪያ የጠየቁት ይህን ነው።

"ደኅና ነው።"

"ካየሁት ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ጎንበስ ማለት አቃተኝ።"

"ወንድሜን ተራ ነው አሉት። በሰበሰ፣ ጣልኩት አሉት።"

"አልኩት።" ድምፃቸው እንደ ክፍል ትምህርታቸው ነበር፤ አልፈጠነም፣ አልዘገየም። "ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራሁት መጽሐፍ ማተሚያ ቤት ነበር። ያን ተክል በአጉሊ መነጽር ያየሁ ዕለት ረቂቄን አውጥቼ ያችን ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ አነበብኳት። በሁለተኛው እትም አርመዋለሁ ብዬ አሰብኩ። ሁለተኛው እትም ሲመጣ ሽልማቱ ነበር፤ በመጽሐፉ የተመረቁ ተማሪዎች ነበሩ። ነገ፣ ነገ ስል ዓይኔ ጠፋ።"

"የምርመራው ወረቀትስ? ከነግንዱ አምጣው ያሉት እርስዎ ነዎት።"

ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

"ሾፌሩ አልሰማም ነበር" አሉ።

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ልቤ ውስጥ የሆነ ቦታ ሰበብ እየፈለገላቸው ነበር። እዚያ ላይ አቆመ።

"ላቃጥለው እችል ነበር" አሉ። "አንዲት ክብሪት ትበቃ ነበር። አላቃጠልኩትም። ይህን አስቢልኝ።"

"ምን ብዬ ላስብልዎት?"

"እስክሞት ጠብቂ። ሩቅ አይደለም። አንቺንም አስተምሬሻለሁ።"

"ባያስተምሩኝ ኖሮ ተክሉን አላውቀውም ነበር" አልኳቸውና ወጣሁ።

ጠላቴ እንኳ የማያውቀውን ልናገር፦ ዐሥራ አንድ ቀን ዝም አልኩ። ሥራ ገባሁ፣ ለጠፍኩ፣ ወጣሁ። ካርቶኑን በጠረጴዛዬ መሳቢያ ቆልፌ ይዣለሁ። አንዳንዴ ሽማግሌ ናቸው ምን ይሠራልኛል እላለሁ፤ አንዳንዴ ወንድሜ ረስቶታል፣ የደረቀ ቁስል መነካካት ነው እላለሁ። እውነቱ ግን ፈርቼ ነው። የፈራሁትም ዶክተሩን አልነበረም።

በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ወንድሜ ቤት ሄድኩ። መስኮቱ ስር ተቀምጦ የሬዲዮ ሽቦ ይበይዳል። ሚስቱ ማድ ቤት ናት። ቁጭ ብዬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኩት። የመለያውን ጽሑፍ በቃሌ አነበብኩለት። ሳያቋርጠኝ ሰማኝ። ስጨርስ መበየጃውን ከሶኬት ነቀለ፣ ጫፉን በእርጥብ ስፖንጅ ጠረገ።

"መቼ ነው ያገኘሽው?"

"ከዐሥራ ሁለት ቀን በፊት።"

"ዐሥራ ሁለት" አለ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። "እሱስ መጽሐፉ ነበር። ሰው ለመጽሐፉ ምን የማይሆነው አለ። አንቺስ? አንቺ ምን ነበረሽ?"

"አመንኳቸው።"

"እኔ ወንድምሽ አይደለሁም? በእጄ ነካሁት አልኩሽ እኮ።"

"እሳቸው ሊቅ ናቸው ብዬ…"

"'እሳቸው'" አለ ቀስ ብሎ። "ይኸው እስከ ዛሬ 'እሳቸው'።"

እውነቱን ነው። አንቱታው ከምላሴ አልወርድ ብሏል። አሁን ስጽፈው እንኳ ይኸው።

ሚስቱ እጇን በፎጣ እያደረቀች ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር። መቼ እንደመጣች አላየሁም። የሷ ነገር ሁልጊዜ ዝምታ ነው፤ በዚያ ቤት ውስጥ ድምፅ የሚያሰሙት ሬዲዮዎቹ ናቸው።

"እኔ ያመንኩት የዚያኑ ዕለት ነው" አለች። ለእኔ ይሁን ለእሱ አልለየሁም። "ግን እኔ ፈርን ምን አውቃለሁ። ዝም ያልኩት ማን ይሰማኛል ብዬ ነው።"

ወንድሜ ተክሉን ካላየሁ አለ። አዲሷን ኃላፊ የነገርኳት ያን ጊዜ ነው። ካርቶኑን ከፍታ፣ መነጽር አድርጋ፣ ሩብ ሰዓት ያህል ቆየች። ቀና ስትል ፊቷ ቀልቷል። "እትዬ፣ ይህ ማለት የጅራታሞቹ ወገን የሚባል ነገር የለም ማለት እኮ ነው" አለች። አውቃለሁ አልኳት።

መሥሪያ ቤታችን አሳንሰር የለውም። ዘበኞቹ "እኛ ተሸክመን እናወጣሃለን" አሉት ወንድሜን። ከድሮ ጀምሮ የሚያውቁት ናቸው። "በሰው ጀርባ እዚህ ቤት አልገባም" አላቸው። ስለዚህ ኃላፊዋ ካርቶኑን በሁለት እጇ እንደ ሕፃን አቅፋ ደረጃውን ወረደች፤ የዘበኞቹ ጠረጴዛ ላይ፣ በስልኩና በፊርማ መዝገቡ መሐል አስቀመጠችው።

ወንድሜ ወንበሩን አስጠጋ። ሳይነካው ጎንበስ ብሎ አየው። ቅጠሎቹን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ። ፊቱ ላይ የጠበቅኩትን አላገኘሁም። ደስታም፣ እንባም፣ ቁጣም የለም።

"ትንሽ ናት" አለ። "እኔ ይህን ታክላለች ብዬ ነበር።" ሁለት እጁን ዘረጋ፤ የዘረጋው ከተክሉ ሁለት እጥፍ ይበልጣል።

"ሲደርቅ ይኮማተራል" አልኩት።

"ትንሽ ናት" አለ እንደገና።

ኃላፊዋ ቀስ ብላ "ትልቅ ግኝት ነው። ስምዎ ይታተማል፤ ሰብሳቢው እርስዎ እንደሆኑ ዓለም ያውቃል" አለችው።

"ስሜማ ተጽፎ ነበር። ይኸው ወረቀቱ ላይ፣ ከነአያቴ። ሣጥን ሥር ምን ሠራ?" ካለ በኋላ "የምርመራውን ወረቀትስ ማን ያርመዋል?" ብሎ ጠየቃት።

"እሱ የአስተዳደር ጉዳይ ነው። እኔ እጠይቃለሁ" አለች።

ጠየቀችም፤ ሐሰተኛ አይደለችም። መልሱ በሁለት ወሩ መጣ። ጉዳዩ የተዘጋ ስለሆነ፣ ከፈረሙትም ሁለቱ ስለሞቱ፣ አንዱ ደግሞ ጡረታ ስለወጡ፣ መዝገቡን ለመክፈት የሚያስችል ደንብ የለም ይላል። ወንድሜ ዛሬም በመዝገብ ለተራ ተክል ሲል ገመዱን የፈታ ሰው ነው።

ተክሉን የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ሁለት ቀን ፈጀብኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር በግማሽ ሰዓት የምጨርስ ሰው። ግንዱን በሰባት ቦታ በክር ሰፋሁት። በቀኝ ጫፉ፣ ወንድሜ ከቅርፊቱ ሲነቅለው የቢላዋው ምልክት ቀርቷል፤ ሙጫ እንዳይሸፍነው ተጠነቀቅሁ።

ኃላፊዋ ስለ ተክሉ የጻፈችው የምርምር ጽሑፍ በዚህ ዓመት ታተመ። የጅራታሞቹ ወገን ፈረሰ፤ አባላቱ በሙሉ ነጠብጣብ ካላቸው ወገን ተደመሩ። ጅራት ማለት አንድ ፈርን ሲሻው የሚያወጣው፣ ሲሻው የሚተወው ነገር ሆኖ ተገኘ። የወንድሜ ስም በሦስተኛው ገጽ ላይ፣ ሰብሳቢ ተብሎ፣ አንድ ጊዜ ተጠቅሷል። መውደቁ አልተጻፈም። በመጨረሻው ገጽ ምስጋና አለ፦ "ይህን ብርቅ ናሙና ለሃያ ዓመታት በጥንቃቄ ጠብቀው ላቆዩልን ለአንጋፋው መምህራችን።"

ወረቀቱን ይዤ ኃላፊዋ ቢሮ ገባሁ። ምን ልል እንደመጣሁ ገብቷታል።

"እትዬ፣ ሌላ መንገድ አልነበረኝም" አለች። "ለምን እዚያ ተገኘ ተብሎ ቢጻፍ የክፍሉ ናሙና በሙሉ አይታመንም። የዚህ ቤት ሥራ ሁሉ ይታማል፤ የአንቺም ጭምር። ሳይንሱ ተስተካክሏል እኮ።"

ሳይንሱ ተስተካክሏል። የሚስተካከለው ደግሞ በእኔ እጅ ነው። ሺህ ሁለት መቶ የሚሆኑ ወረቀቶች አሉ፤ በእያንዳንዱ ላይ አዲሱን ስም የያዘ ቁራጭ እለጥፋለሁ። በሙያችን ደንብ አሮጌው መለያ አይነሳም፤ አዲሱ ከበላዩ ይለጠፋል። ስለዚህ የዶክተሩ ስምና የሰጡት ስም እዚያው ይኖራሉ። በቀን ሠላሳ ያህል እሠራለሁ።

ዶክተሩ አልሞቱም። በወር አንድ ጊዜ ይደውላሉ። ባለፈው "አዲሱ ስም እንዴት ነው የሚጻፈው? ፊደሉን ቁጠሪልኝ" አሉኝ። ቆጠርኩላቸው። ደገሙት፣ ሁለት ቦታ ተሳሳቱ፣ አረምኳቸው። "አመሰግናለሁ ልጄ" ብለው ዘጉ።

ምስጋናውን ለወንድሜ ያነበብኩለት እኔ ነኝ፤ ከሌላ ሰው ከሚሰማው ብዬ። ስጨርስ ሳቀ። ሳቁ ረዘመ፣ እስኪያስለው ድረስ። "ጠብቆ ላቆየልን" አለ እያሳለ። "እኔንስ ማን ጠብቆ አቆየኝ?" ሚስቱ ውሃ አምጥታ ሰጠችው። ጠጣና ወደ ሬዲዮው ዞረ። ስነሣ ደኅና ሁኚ አላለኝም።

ከዚያ ወዲህ በየእሑዱ እሄዳለሁ፤ ድሮም እሄድ ነበር። ባለፈው እሑድ አራት ሰዓት ላይ አንኳኳሁ። ሚስቱ በሩን ከፈተችና ደጃፉ ላይ ቆመች።

"ተኝቷል" አለችኝ።

ከጀርባዋ ሬዲዮ ከጣቢያ ጣቢያ ሲቀያየር ይሰማል። እሷም እንደሰማሁ አውቃለች። የያዝኩትን ብርቱካን ተቀበለችኝ። "ግቢና ማድ ቤት እንቀመጥ" አለች፤ ገባሁ፤ ባቄላ አብረን ፈለፈልን። በግድግዳው ማዶ ወንድሜ ሬዲዮውን ዜና ላይ አቆመው፤ ድምፁንም ከፍ አደረገው። ዜናው ሲያልቅ እጄን የጠረግኩበትን ፎጣ መለስኩላትና ሄድኩ።